ሞተሩ ሲሮጥ ብቻ የሚያስለው ለምን ነበር?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በኮሚቴው ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ድስቱና ስለ ወንበሩ የሚቀርበውን ሪፖርት ሂሳብ ያዡ ስለሚያሰሙ እኛ ወደዚያ አንገባም። እኛ እንድንናገር የታዘዝነው ስለ መኪናው ነው። ይኸውም ባለፈው ጉባኤ «ይሸጥ»፣ «አይሸጥ» በሚል ክርክር ጊዜው አልቆ ነገሩ በይደር ስለቀረና ኮሚቴው መኪናውን አስመርምሮ ውጤቱን ለአባላት እንዲያስረዳ በቃለ ጉባኤ ስለተወሰነ ነው። እነሆ ተመርምሯል። እኛ መካኒኮች አይደለንም። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜያችንንም በመዝገብ ቤት ወረቀት ስናገላብጥ የጨረስን ሰዎች ነን። ነገር ግን ከመካኒኩ አጠገብ ሦስት ቀን ሙሉ ቆመን የሚያደርገውን ሁሉ በመዝገብ ስላሰፈርን፣ የጻፍነውን አንብበን ማስረዳት አያቅተንም።

መኪናው፣ አዲስ ለገባችሁ አባላት ለመግለጽ ያህል፣ ከኋላው ክፍት የሆነ አሮጌ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው። በቤንዚን የሚሠራ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2ኤፍ የሚባለው 4.2 ሊትር ሞተር አለው። አሮጌነቱን ማንም አይክድም። ነገር ግን ለእኛ ለላስታ ሰዎች ምን እንደሚሠራ እናውቃለን። ከወልዲያም ሆነ ከደሴ ሆስፒታል ሬሳ ሲመጣ የሚያመጣው እሱ ነው። ምጥ የጠናባትን እናት ይዞ የሚወርደውም እሱ ነው። ድሮ ይህ ሁሉ በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ትከሻ የሚሰጥ ጎረምሳ በየቤቱ ሞልቶ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን በየከተማው ተበትነዋል። ጡሩንባ ሲነፋ የሚወጣው እንደኛ ጉልበቱ የደከመ ሰው ነው። ስለዚህ «ይሸጥ» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም።

ታዲያ የመኪናው በሽታ ምን ነበር? ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ይነሣል። ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ልስልስ ያለ ነው። በሹምሸሃ ሜዳ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በሦስተኛ ማርሽ ያለ ምንም ችግር ይሄዳል። ከዚያ ወደ ከተማችን የሚያወጣው ዳገት ሲጀምር ሹፌሩ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይመልሳል፣ ነዳጅ ይረግጣል፣ ሞተሩ መጮህ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ይቆራረጣል። ያስላል። ከማርሚታው ጥይት የሚመስል ድምፅ ይተኩሳል። ሹፌሩ እግሩን ሲያነሣ ወዲያው ይድናል። እንደገና ሲረግጥ እንደገና ያስላል። ባለፈው ክረምት ከወልዲያ ሬሳ ይዞ ሲመለስ የድልብን ዳገት እየቆመ እየተነሣ ወጥቶ፣ ጋሸናን አልፎ፣ በመጨረሻው ዳገት ላይ እምቢ ብሎ ለቀስተኛው ወርዶ ሬሳውን በትከሻ እንዳስገባ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያ የማርሚታ ድምፅ ደግሞ፣ እንደምታውቁት ጦርነት ባየ አገር፣ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው የሚያስደነግጥ ነው። ልጆች ሮጠው ቤት ገቡ።

ከዚያ በኋላ ምክር ሰጪው በዛ። አንዱ «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» አለ። ሌላው «ከፍታው ነው፣ አየሩ ሳስቶ ነው» አለ። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ጋራዥ ደግሞ ሞተሩን ሳያዳምጥ «ካርቡሬተሩ አልቋል፣ አዲስ ይገዛ» ብሎ የዋጋ ማቅረቢያ ሰጠን። ያ ዋጋ የእድሩን የግማሽ ዓመት መዋጮ የሚበላ ስለነበር ነው «እንግዲያውስ ይሸጥ» የሚለው ሐሳብ የመጣው።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ ሰው ያመነበት ምክንያት ስለሆነ። ከተማችን 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲመዛዘን ሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ሞተሩም ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ይህ እውነት ነው። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ላሊበላ ከፍ ያለችው ባለፈው ክረምት አይደለም! መኪናው በዚሁ አየር፣ በዚሁ ዳገት፣ ስንት ዓመት ሳያስል ወጥቷል። በመዝገብ ቤት ሳለን እንዲህ ያለ ክርክር ሲመጣ የምንጠይቀው «ከትናንት ወዲያ የተለወጠው ምንድነው?» ብለን ነበር። ሳይለወጥ የኖረን ነገር ዛሬ ለመጣ ጥፋት ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ይሁንና ከፍታው በሌላ መንገድ እጁ አለበት፦ ጉልበት ስላነሰ የደጋ ሹፌር መኪናውን በዝቅተኛ ማርሽ እያስጮኸ መንዳት ግድ ይሆንበታል። ሜዳ ላይ በሽታው ተደብቆ የሚኖር ሞተር እኛ ዘንድ ሲመጣ ይጋለጣል።

መካኒኩ ከወልዲያ የመጣ ነው። መሣሪያ ከማውጣቱ በፊት ሹፌራችንን አስቀምጦ «የሚደክመው ቀስ በቀስ ነው ወይስ ድንገት?» ብሎ ጠየቀው። ጥያቄው ለካ ትልቅ ጥያቄ ነው። ቤንዚን ያጠረው ሞተር ጋዙ እንዳለቀ ኩራዝ ነው፤ መጀመሪያ ይፈዛል፣ ይደክማል፣ ሲያርፍም ቆይቶ ነው የሚያገግመው። እሳት ያጠረው ሞተር ግን ንፋስ እንደሚመታው ሻማ ጠፋ በራ፣ ጠፋ በራ ይላል፤ እግር ሲነሣም ወዲያው ደህና ይሆናል። የማርሚታው ተኩስም ከዚህ የሚመጣ ነው፦ በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት ሳያገኝ ያለፈው ቤንዚን ወጥቶ በጋለው ማርሚታ ውስጥ ይፈነዳል። ሹፌሩ «ድንገት ነው» አለ። መካኒኩ ቀጥሎ መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ነዳጅ እንዲረገጥ አደረገ። ጭነት የለ፣ ዳገት የለ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ እዚያው ቆሞ አሳለ። ቆሞ ያለ መኪና ብዙ ቤንዚን አይጠጣም፤ ስለዚህ የካርቡሬተሩ ጉዳይ እዚህ ላይ ተዘጋ ማለት ይቻላል። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ።

አሁን እሳቱ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ካላልን የቀረው አይገባም። ባትሪው 12 ቮልት ነው። ካንዴላው ላይ ብልጭታ ለመዝለል ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል። ይህንን የሚያበዛው ኮይል የሚባለው ጣሳ መሰል ዕቃ ነው። ኮይሉን እንደ እንስራ ቁጠሩት። ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለው ኮንታክት፣ ማለት ሁለቱ ትንንሽ የብረት ከንፈሮች፣ ሲገጥሙ ቧንቧው ተከፈተ፣ እንስራው መሙላት ጀመረ ማለት ነው። ከንፈሮቹ ሲለያዩ እንስራው ባንድ ጊዜ ይደፋል፣ ያ ነው ብልጭታው። ከዚያ ሮተሩ እየዞረ ለየትኛው ካንዴላ እንደሚደርስ ያድላል። የእኛ ሞተር ተራው 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ደግሞ ከንፈሮቹ በሚለያዩበት ጊዜ እንዳይቃጠሉና አደፋፉ ድንገተኛ እንዲሆን የሚረዳ ነው። ይህንን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ ለካዲላክ መኪና አበጀው፤ ከዚያ በኋላ ከስልሳ ዓመት በላይ የዓለም ቤንዚን መኪና አብዛኛው በዚሁ ኖሯል። አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብተው ታክሲ ሆነው የኖሩት ላዳዎች፣ ሰው ሁሉ የሚወዳቸው ፎልስዋገኖችም ያላቸው ይህንኑ ነው።

እንስራው ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በያንዳንዱ ዙር ሦስት ብልጭታ ይፈልጋል። ቆሞ በደቂቃ 650 ዙር ሲዞር በሰከንድ 32 ጊዜ ያህል ነው። 3,000 ዙር ሲሆን ግን በሰከንድ 150 ጊዜ! እኛ በሥራ ዘመናችን ማኅተም ስንመታ እጃችን ፈጣን ነው ይባል ነበር፤ በሰከንድ 150 ማኅተም ግን ሰው አይመታም። ኮንታክቱ ተዘግቶ እንስራው የሚሞላበት ጊዜ፣ ቆሞ ሲሠራ የሰከንድ 21 ሺህኛ ያህል የነበረው፣ በ3,000 ዙር ወደ 4 ሺህኛ ተኩል ይወርዳል። ያችን ጊዜ እንኳ የሚሰርቅ ነገር ካለ እንስራው ጎድሎ ይደፋል፣ ብልጭታው ሰንፎ ይወጣል ወይም ጭራሹን አይወጣም። ለዚህ ነው በሽታው ሞተሩ ዝግ ሲል የማይታየው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጧቸው ትልልቅ ሞተር ያላቸው የእሽቅድምድም ዓይነት መኪናዎችም ከዚሁ ነገር ጋር ነው ሲታገሉ የኖሩት። ስምንት ሲሊንደር ስላላቸው በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞሩ በሰከንድ 400 ብልጭታ ያስፈልጋቸዋል። ክራይስለር ሄሚ ለተባለው ሞተሩ በአንድ ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ሁለት ኮንታክት እስከ መግጠም ደረሰ፤ አንዱ ሲከፍት ሌላው ቀድሞ እንዲዘጋ፣ እንስራው ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ እንዲያገኝ ብሎ። በኋላም በ1970ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ክራይስለርም ጄኔራል ሞተርስም ኮንታክቱን አውጥተው በኤሌክትሮኒክ ተኩት። ስለዚህ የእኛ አሮጌ ላንድ ክሩዘር የታመመው በሽታ የድሃ በሽታ አይደለም።

ወደ ምርመራው እንመለስ። መካኒኩ የታይሚንግ መብራት የሚባል እንደ ሽጉጥ ያለ መሣሪያ ነበረው። መቆንጠጫውን በካንዴላ ገመድ ላይ ሲያደርጉት በያንዳንዱ ብልጭታ አንድ ጊዜ ያበራል። መጀመሪያ በቁጥር 1 ካንዴላ ገመድ ላይ አደረገው፤ ሞተሩ ሲሮጥ መብራቱ ይዘላል። በቁጥር 5 አደረገው፤ ይዘላል። በሁሉም ይዘላል። ከዚያ መቆንጠጫውን ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ መሐል በሚገባው በዋናው ገመድ ላይ አደረገው፤ እዚያም ይዘላል። «በቃ፣ ግማሹ መኪና ነጻ ወጣ» አለ። እውነቱን ነው። ዋናው ገመድ ላይ ብልጭታው ደህና ሆኖ በአንዱ ካንዴላ ብቻ ቢጠፋ ኖሮ ጥፋቱ በክዳኑ፣ በሮተሩ፣ በገመዱ ወይም በካንዴላው ይሆን ነበር። በዋናው ገመድ ላይ እየጠፋ ከሆነ ግን እሳቱ ገና ሳይታደል ነው የጎደለው። ውሃ በየቤቱ ሲጠፋ መጀመሪያ ዋናውን መስመር ማየት እንደማለት ነው።

ይሁን እንጂ ክዳኑንና ገመዶቹን ሳናይ አላለፍንም። ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ መብራት ሁሉ ጠፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፍተን አየን። ገመድ የሚያፈስ ከሆነ በጨለማ ሰማያዊ ጭረት ይታያል። የሳሳ አየር እሳቱን ከውጭ በደንብ ስለማያግደው እኛ ደጋዎች ይህንን ከቆላ ሰው ይልቅ ማየት አለብን፤ በተለይ በክረምት እርጥበት። አንድ ገመድ ትንሽ አፈሰሰ፤ ተለወጠ። ሳሉ ግን አልተለወጠም። (እዚህ ላይ ለወጣቶች፦ ሞተሩ እየሠራ እነዚህን ገመዶች በእጅ አትንኩ፤ ቀልድ የለውም። ልብ የሚያመው ሰው ጭራሽ አይቅረብ። በተዘጋ ቤት ውስጥም ሞተር አታስጩሁ፤ ጭሱ ይገድላል።)

ከዚህ ወዲያ የሆነውን ከመዝገባችን እናነባለን። መካኒኩን የለመንነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ባንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ እንዲለውጥ፣ ከለወጠ በኋላም ሞተሩን አስጩሆ ውጤቱን እንዲነግረን። ሁለት ሦስት ዕቃ ባንድ ላይ ከተለወጠ የቱ እንዳዳነ አይታወቅም፣ ደህናው ዕቃም አብሮ ይጣላል። መጀመሪያ ትንሽ ተቆጣ፤ በኋላ ግን ራሱ «ምን ብለው ጻፉ?» እያለ ይጠይቀን ጀመር።

«ባትሪና ቻርጅ ተለካ። ሞተሩ እየሠራ 14 ቮልት። ደህና።» «ካንዴላዎቹ ወጡ። ጥቁር ናቸው። ተጠረጉ፣ ክፍተታቸው 0.8 ሚሊሜትር ተደረገ። ቆሞ ሲሠራ ለስልሷል፣ ሲሮጥ ያስላል።» «በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኮንታክቱ የተቀመጠበት ሳህን ወደ አካሉ የሚያያዝባት እንደ ሹሩባ የተጎነጎነች ቀጭን ሽቦ ተበጣጥሳ በሁለት ክር ተገኘች። በጊዜያዊ ሽቦ ታሰረ። ተሻለ፤ አልዳነም።» ይህቺን ሽቦ ልብ በሉልን። ሳህኑ ሞተሩ ሲፈጥን ወዲያና ወዲህ ስለሚል ሽቦዋ በዓመታት ብዛት ትበጠሳለች። ትንሽ ናት፣ ዋጋም የላትም፤ ግን መመለሻው መንገድ እሷ ናት፣ እሷ ስትሳሳ ኮይሉ በቂ አያገኝም። «ኮንደንሰር ተለወጠ። ለውጥ የለም። አሮጌው ተመለሰ።» «ኮይል ከሌላ ላንድ ክሩዘር ተውሰን ገጠምን። ለውጥ የለም። ለባለቤቱ ከምስጋና ጋር ተመለሰ።» በመጀመሪያው ቀን ማታ የቀረው ኮንታክቱ ራሱ ብቻ ነበር።

ኮንታክቱን ከውጭ ሲያዩት አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል። ለዚህም ነው ቀደም ሲል ያየው ሁሉ ያለፈው። መካኒኩ ኮንታክቱ ተዘግቶ የሚቆይበትን መጠን በዲግሪ የሚያሳይ መለኪያ ገጠመ። የዚህ ሞተር ልኩ 41 ዲግሪ ነው። ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ ልክ 41 አለ። ሲያስጮኸው መርፌው እየወረደ፣ እየወረደ፣ 30 አካባቢ ደርሶ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያኔ ሞተሩም አሳለ። ኮንታክቱን የሚመልሰው ስስ ሞላ ደካማ ነበር! ዘንጉ ክንዱን ገፍቶ ይከፍተዋል፤ ሞላው ደግሞ መልሶ ሊዘጋው ይገባል። ሞላው ሰነፍ ሲሆን ዝግ ባለ ጊዜ ይደርሳል፤ ሲፈጥን ግን ክንዱ ሳይመለስ የሚቀጥለው ግፊት ይመጣል። ሰው በበዛበት ቀን የመዝገብ ቤታችን በር እንደዚህ ነበር፤ የሚጎትተው ላስቲክ ልሞ ስለነበር አንዱ ገብቶ በሩ ሳይገጥም ሌላው ይገፋዋል፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይውላል። ያልተገጠመ ኮንታክት ደግሞ እንስራ አይሞላም።

«ከትናንት ወዲያ የተለወጠው ምንድነው?» ላልነውም መልሱ ተገኘ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ውስጥ በነበረባቸው ወራት መኪናው ባትሪው ተፈትቶ ቆሞ ነበር። በኋላ ሲነሣ የኮንታክቱ ከንፈሮች ዝገው ስለተገኙ፣ መንገዱም በየጊዜው ስለሚዘጋ፣ ከገበያ የተገኘው፣ ሳጥኑ ላይ ስም የሌለበት ኮንታክት ተገጠመለት። በሜዳ በሜዳ ሲነዳ ይሠራ ነበር። ሞላው እየላመ ሲሄድ ሳሉ እየባሰ መጣ።

ትክክለኛው ኮንታክት አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ፣ በሰው ተልኮ፣ በስምንተኛው ቀን ደረሰን። ዋጋው ከካርቡሬተሩ ዋጋ ጋር አይወራም፤ ደረሰኙ ከሂሳብ ያዡ ዘንድ ነው። ሲገጠም ከንፈሮቹ በጣም በተራራቁበት ቦታ ክፍተታቸው በመለኪያ ምላጭ 0.45 ሚሊሜትር ተደረገ። ዘንጉን የሚነካው ተረከዝ እንዳይበላ ስንዴ የምታክል ግራሶ ተቀባ፤ ከዚያ ከበዛ ከንፈሩ ላይ ተረጭቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የተጎነጎነችውም ሽቦ በአዲስ ተተካች። የኮንታክቱ ክፍተት ሲለወጥ ታይሚንጉም አብሮ ስለሚለወጥ እሱም በ7 ዲግሪ ላይ ተስተካከለ። ይህንን የሚረሳ መካኒክ ብዙ ነው። ከዚያ መለኪያው እንደገና ተገጠመና ሞተሩ ተጮኸ፤ መርፌው ከ41 ወደ 39 ዝቅ ብሎ እዚያው ቆመ። በማግስቱ አሥር የሚሆኑ አባላት ከኋላ ተጭነው ወደ ሹምሸሃ ወርደን በሁለተኛ ማርሽ ወጣን። አላሰለም። ከተጫኑት መካከል «ይሸጥ» ሲሉ የነበሩ አራት አባላት አሉበት፤ እዚሁ ተቀምጠዋልና ይመስክሩ።

አንዳንድ ወጣቶች «ለምን ኮንታክቱን ጨርሶ አውጥተን ኤሌክትሮኒክ አናስገባም?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ኤሌክትሮኒክ ሞላ የለው፣ አይላም፣ ሲፈጥንም አይንቀጠቀጥም። ነገር ግን መንገድ ላይ ሲሞት ምልክት ሳይሰጥ ነው፤ ሲሞትም ከጋሸና እስከ ላሊበላ የሚጠግነው ሰው የለም። ኮንታክት ግን ቢከፋ ሹፌሩ በካቻቢቴና በወረቀት ብርጭቆ አስተካክሎ ሬሳውን ቤት ያደርሳል። መንገዳችን ሰላም ሆኖ መለዋወጫ እንደልብ የሚመጣበት ጊዜ ሲደርስ ጉባኤው ደግሞ ሊያየው ይችላል፤ ለአሁኑ የኮሚቴው አሳብ በኮንታክቱ እንቆይ የሚል ነው።

እንግዲህ ጉባኤው እንዲያጸድቅልን የምንጠይቀው ይህ ነው። አንድ ኮንታክት፣ አንድ ኮንደንሰር፣ አንድ ሮተርና አንድ የዲስትሪቢዩተር ክዳን ተገዝቶ በቆርቆሮ ሣጥን በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ ሣጥኑም እንደ ድንኳኑ በንብረት መዝገብ ይግባ። የካንዴላ ገመዶቹ ተራ ቁጥር በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ በቀለም ተጽፏል፤ ማንም እንዳያጠፋው። ኮንታክቱ በየስድስት ወሩ፣ አንዴ ከገና በፊት፣ አንዴ ከክረምት በፊት ይታይ። ከገና በፊት ያልንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ምዕመናን ከያለበት በሚጎርፉበት ሳምንት መካኒክም መንገድም አይገኝም። መኪናው ሲያስል ሹፌሩ «አመመው» ብሎ ብቻ እንዳይመጣ፣ በስንተኛ ማርሽ፣ በየትኛው ዳገት፣ ድንገት ወይስ ቀስ በቀስ እንደሆነ በመዝገቡ ይጻፍ። ማንበብና መጻፍ ይችላል፤ ጠይቀነዋል፣ እሺ ብሏል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። መለኪያው ከ41 ወደ 39 የወረደው የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ የሚዞርበት ቡሽ ትንሽ ስለተበላ ነው። መካኒኩ ዘንጉን በጣቱ ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲያደርገው ጥቂት ሲላወስ አሳይቶናል። ለአሁኑ አያሰጋም፤ ሦስት ዲግሪ ካለፈ ግን ይለወጣል። ቡሹን የሚሠራ ቶርኒቴሪያ ወልዲያ አለ፤ ጥቅምት ላይ መኪናው ለሥራ ሲወርድ እግረ መንገዱን እንዲያሳይ ለሹፌሩ በጽሑፍ ተሰጥቶታል። መዝገቡን ማየት የሚፈልግ አባል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሂሳብ ያዡ ቤት መጥቶ ማየት ይችላል።